ሜዳውና መንገዱ

አበው «ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ» ይላሉ፡፡ አፈሩን የለመደ በሬ ከሩቅ ተነድቶ ከመጣው ይልቅ እርሻው ይቀናዋል፡፡ ይህ ተረት ደጋግሞ የሚታወሰኝ ስለ እርሻ ሳነብ አይደለም፤ የአውስትራሊያውያንን የእግር ኳስ ታሪክ ስመረምር ነው፡፡ በዚያ አገር አንድ ክርክር ከሠላሳ ዓመታት በላይ ሳይዘጋ ኖሯል፡፡ የአገሪቱ ታላቅ ጨዋታ በየዓመቱ በአንድ ከተማ፣ በአንድ ሜዳ ብቻ መካሄዱ ፍትሕ ነውን? ከሩቅ የሚመጣው ደጋፊስ የመንገዱን ዋጋ ለምን ብቻውን ይሸከማል?

አንባቢዬ ጨዋታውን ላያውቀው ይችላልና ጥቂት ልበል፡፡ የአውስትራሊያ እግር ኳስ እኛ እግር ኳስ ከምንለው የተለየ ነው፡፡ ሜዳውም ኳሱም ሞላላ ናቸው፤ በየወገኑ 18 ተጫዋች ይሰለፋል፤ ኳሱን በእጅ መያዝ ይፈቀዳል፤ በሁለቱ መካከለኛ ቋሚዎች መሐል በእግር ተመትቶ ያለፈ 6 ነጥብ፣ በጎን ያለፈ 1 ነጥብ ያስገኛል፡፡ ሕጉ መጀመሪያ የተጻፈው በ1859 በሜልበርን ከተማ ነው (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፡፡ ዛሬ የአውስትራሊያ ሊግ የሚባለው ማኅበርም በ1897 ውድድሩን ሲጀምር የቪክቶሪያ ግዛት ሊግ ነበር፡፡

የፍትሕ ጥያቄ ከሊጉ ጋር አብሮ ተወልዷል ማለት ይቻላል፡፡ የውድድር ዘመኑን ሙሉ አንደኛ ሆኖ የጨረሰ ክለብ በአንድ ክፉ ቀን ቢሸነፍ ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ይቅር? በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ የነበሩት ሰዎች ለዚህ የሰጡት መልስ ልብ የሚነካ ነው፡፡ አንደኛ የወጣው ክለብ በፍጻሜው ቢሸነፍ አሸናፊውን እንደገና የመግጠም መብት ሰጡት፡፡ በ1924 ደግሞ አራቱ ቀዳሚዎች ሁሉም ከሁሉም እንዲጋጠሙ አደረጉ፡፡ ኤሰንደን በመጨረሻው ግጥሚያ ተሸንፎ ሳለ ዋንጫውን ወሰደ፡፡ ስሌቱ ትክክል ነበር፤ ሕዝቡ ግን አልወደደውም፡፡ የሚጠበቅ ታላቅ ቀን የሌለው ውድድር ነበርና በዓመቱ ተተወ፡፡

ከዚያ በኋላ የመጣው ኬን ማኪንታየር የተባለ የሕግ ባለሙያ ነው፡፡ እርሱ የነደፈው ሥርዓት ከ1931 ጀምሮ አራት ክለቦችን ለፍጻሜ ውድድር አሰለፈ፤ ሁለቱ ቀዳሚዎች አንድ ጊዜ ቢሸነፉም ሁለተኛ ዕድል ነበራቸው፡፡ በ1972 አራቱ አምስት ሆኑ፤ በ1991 ስድስት፤ በ1994 ስምንት፡፡ የስምንቱ የመጀመሪያ ሥርዓት የአንዱን ተሸናፊ ዕጣ በሌሎች ግጥሚያዎች ውጤት ላይ ያንጠለጥል ስለነበር ብዙ አነጋግሮ በ2000 ተለወጠ፡፡ በ2025 መጨረሻ ደግሞ ከ2026 ጀምሮ ዐሥር ክለቦች እንዲገቡ ተወሰነ፡፡ ማን ከማን ጋር ይጋጠም የሚለው ጥያቄ በየትውልዱ ተጠይቋል፣ በየትውልዱም ተሻሽሏል፡፡ የት ይጋጠሙ የሚለው ግን ለረጅም ጊዜ የጠየቀው አልነበረም፡፡

ምክንያቱም ግልጽ ነው፡፡ ክለቦቹ ከጂሎንግ በቀር ሁሉም የአንድ ከተማ ሰፈሮች ነበሩ፡፡ የካርልተን፣ የኮሊንግውድ፣ የሪችመንድ፣ የፊትዝሮይ ደጋፊ በትራም ተሳፍሮ ወይም በእግሩ ተራምዶ ሜዳው ይደርሳል፤ አመሻሹ ላይ ተደስቶም አዝኖም ቤቱ ይገባል፡፡ ከ1902 ጀምሮ ታላቁ ፍጻሜ፣ ከጥቂት ዓመታት በቀር፣ የተካሄደበት የሜልበርን ክሪኬት ሜዳ የሁሉም ጎረቤት ነበር፡፡ በ1970 ካርልተንና ኮሊንግውድ ሲፋለሙ 121,696 ሰው የገባበት ያ ስታዲየም የከተማዋ ካቴድራል ቢባል ማጋነን አይሆንም፡፡ ጎረቤታሞች ሲፋለሙ መንገዱ የክርክር ርእስ አይሆንም፡፡

መንገዱ የታሪኩ አካል የሆነው በ1982 ነው፡፡ በዚያ ዓመት የሳውዝ ሜልበርን ክለብ በዕዳ ተይዞ ወደ ሲድኒ ተዛወረ፡፡ የሰፈሩ ሰዎች ተቃወሙ፤ አልሆነላቸውም፡፡ በ1987 ከምዕራቡ ጠረፍ ዌስት ኮስት፣ ከሰሜን ምሥራቁ የብሪዝበን ክለብ ሊጉን ተቀላቀሉ፡፡ እያንዳንዳቸው ለፈቃድ 4 ሚሊዮን ዶላር ከፈሉ፡፡ ገንዘቡ እጅ አጥሯቸው ለነበሩት የሜልበርን ክለቦች መተንፈሻ ሆነ፡፡ ይህን ልብ እንበል፡፡ እንግዳው ወደ ቤቱ የገባው የቤቱን ጣሪያ ከፍሎ በማደስ ነው፡፡ ሊጉም በ1990 ስሙን ለውጦ የአውስትራሊያ ሊግ ተባለ፡፡ ስሙ የመላ አገሪቱ ሆነ፤ ሜዳው ግን የሜልበርን እንደሆነ ቀረ፡፡

ከፐርዝ እስከ ሜልበርን በአየር 2,700 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፡፡ በመኪና የሚሄድ ሰው 3,400 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ በመሐሉም ስሙ በላቲን «ዛፍ የለሽ» ማለት የሆነው የናላርቦር ሜዳ ተዘርግቷል፡፡ የሁለቱ ከተሞች ሰዓት እንኳ አንድ አይደለም፤ በመስከረም የሁለት ሰዓት ልዩነት አላቸው፡፡ በ1990 ዌስት ኮስት ለፍጻሜ ውድድር ሲበቃ ያደረጋቸውን አራት ግጥሚያዎች ሁሉንም የተጫወተው በሜልበርን ነው፤ የመጀመሪያው በእኩል ነጥብ አልቆ ስለተደገመም መከራው ረዘመ፡፡ በማግስቱ ዓመት አንደኛ ሆኖ ጨረሰ፡፡ ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ የፍጻሜ ውድድር ግጥሚያ ከቪክቶሪያ ግዛት ውጭ፣ በፐርዝ ሱቢያኮ ሜዳ ተካሄደ፡፡ ዌስት ኮስት በገዛ ሜዳው በሆቶርን ተሸነፈ፡፡ ታሪክ እንዲህ ናት፤ ለተከራካሪ ምቹ ማስረጃ ሁልጊዜ አትሰጥም፡፡

ክርክሩን ያከረረው ግን ርቀቱ ብቻ አልነበረም፤ ውል ነው፡፡ ሊጉ ከሜልበርን ክሪኬት ሜዳ ባለአደራዎች ጋር በገባው ስምምነት መሠረት በፍጻሜው ሳምንታት ቢያንስ አንድ ግጥሚያ እዚያ መካሄድ ነበረበት፡፡ በ1999 ዌስት ኮስት በደረጃ ከካርልተን በልጦ ሳለ በሜዳው ሊያስተናግደው የሚገባውን ግጥሚያ ሜልበርን ሄዶ ተጫወተ፤ ተሸነፈም፡፡ በ2004 ይኸው በብሪዝበን ላይ ደረሰ፡፡ ብሪዝበን ሦስት ዓመት በተከታታይ ዋንጫውን የወሰደ ክለብ ነበር፤ ሁለተኛ ሆኖ ጨርሶም ወደ ታላቁ ፍጻሜ የሚያሳልፈውን ግጥሚያ በሜዳው የማስተናገድ መብት አግኝቶ ነበር፡፡ አንደኛ የወጣው ፖርት አዴሌድም በሜዳው ስለሚጫወት ለሜልበርን የሚተርፍ ግጥሚያ ጠፋ፡፡ ስለዚህ ብሪዝበን «አስተናጋጅ» ተብሎ ወደ እንግዳው ግዛት በረረ፡፡ ጂሎንግን በ9 ነጥብ አሸነፈ፤ በሳምንቱ ግን በፖርት አዴሌድ በ40 ነጥብ ተረታ፡፡ ድካሙ ይሆን ዕድሜው ይሆን የረታው ማንም በእርግጥ ሊለይ አይችልም፡፡ የውሉ አንቀጽ ከዚያ በኋላ ላላ፡፡ ነገር ግን የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ በብሪዝበንና በፐርዝ ያ ዓመት ዛሬም ይነሣል፡፡

እስካሁን የተናገርሁት ስለ ክለቦች ነው፡፡ ክለብ ግን አውሮፕላኑ ይከፈልለታል፤ ደጋፊው ነው በኪሱ የሚሄደው፡፡ ታላቁን ፍጻሜ የሚጫወቱት ሁለቱ ክለቦች የሚታወቁት ከጨዋታው ሰባት ወይም ስምንት ቀን ቀደም ብሎ ነው፡፡ ከሩቅ ያለ ደጋፊ ምርጫው ሁለት ነው፡፡ ወይ ክለቡ ማለፉን ሳያውቅ አስቀድሞ ቲኬት ይቆርጣል፤ ወይ ካለፈ በኋላ እርሱን ከመሰሉ አያሌ ሰዎች ጋር ለአንድ መቀመጫ ይሻማል፤ ዋጋውም በሻሚዎቹ ልክ ይንራል፡፡ ለአልጋውም እንዲሁ ነው፡፡ ይህ ሁሉ ሆኖ የመግቢያ ቲኬት ማግኘቱ ገና አልተረጋገጠም፡፡ ከመቶ ሺሕ መቀመጫ ለሁለቱ ተፋላሚ ክለቦች አባላት የሚደርሰው ሲሶው ገደማ ነው፤ የቀረው ለስታዲየሙ አባላት፣ ለሊጉ አባላት፣ ለድርጅቶችና ለልዩ ልዩ እንግዶች ይከፋፈላል፡፡ የሜልበርን ክሪኬት ክለብ አባል ለመሆን ወረፋው አሥርት ዓመታት ይፈጃል፡፡ ዓመቱን ሙሉ በዝናብ በፀሐይ የጮኸው ሰው ከቤቱ ሲቀር፣ ለማንም የማይወግን ሰው ወንበሩ ላይ ተደላድሎ ሊቀመጥ ይችላል፡፡

የሜልበርን ሰዎች መልስም ችላ የሚባል አይደለም፡፡ መቶ ሺሕ ሰው የሚይዝ ሌላ ስታዲየም በአገሪቱ የለም፤ የፐርዙ አዲስ ስታዲየም እንኳ የሚይዘው 60,000 ገደማ ነው፡፡ ከ18ቱ ክለቦች ዐሥሩ የቪክቶሪያ ናቸው፡፡ ሜዳው አስቀድሞ የታወቀ መሆኑም በአንድ ሳምንት ውስጥ ከተማ ከማዘጋጀት ጭንቅ ያድናል፡፡ ዌስት ኮስት አራቱንም ዋንጫዎቹን ያነሣው በዚያው ሜዳ ነው፤ በ2018 ኮሊንግውድን በጎረቤቱ ፊት በ5 ነጥብ ረትቶታል፡፡ ብሪዝበንም በ2024 እና በ2025 ተጉዞ አሸንፏል፡፡ በደሉም ለሩቆቹ ብቻ የተለየ አይደለም፡፡ ጂሎንግ ከሜልበርን 75 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው፤ በ2019 ክለቧ አንደኛ ሆኖ ጨርሶ ሳለ ስታዲየሙ ትንሽ ነው ተብሎ ኮሊንግውድን በሜልበርን ክሪኬት ሜዳ ገጠመ፤ በ10 ነጥብ ተሸነፈ፡፡ እንግዲህ ሚዛኑን የሚያዘነብለው የግዛት ወገንተኝነት ብቻ ሳይሆን የመቀመጫ ብዛት፣ ማለትም የመግቢያ ገንዘብ ነው፡፡

በ2018 ሊጉ ከቪክቶሪያ መንግሥት ጋር ሌላ ውል ተፈራረመ፡፡ ታላቁ ፍጻሜ እስከ 2057 በዚያው ሜዳ እንዲቆይ ተስማሙ፤ መንግሥትም ለከተማዋ ሌላ ስታዲየም ማደሻ 225 ሚሊዮን ዶላር መደበ፡፡ ያልተወለዱ ልጆች የሚጫወቱበት ሜዳ ተፈርሞ አለቀ፡፡ ሰው ግን ያቅዳል እንጂ ዘመንን አያዝዝም፡፡ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ወረርሽኝ መጣ፡፡ በ2020 ታላቁ ፍጻሜ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ከቪክቶሪያ ወጥቶ በብሪዝበን፣ በ2021 ደግሞ በፐርዝ ተካሄደ፡፡

የ2021ዱ ለእኔ የዚህ ታሪክ ጥልቁ ምዕራፍ ነው፡፡ የተጋጠሙት ሁለቱም የሜልበርን ከተማ ክለቦች ነበሩ፡፡ አንዱ የከተማዋን ስም የያዘው፣ ያንኑ ታላቅ ሜዳ ቤቱ ያደረገው የሜልበርን ክለብ ነው፤ ከ1964 ወዲህ ዋንጫ አላየም፡፡ ሌላው ዌስተርን ቡልዶግስ ነው፤ እስከ 1996 ድረስ ፉትስክሬይ እየተባለ ሲጠራ የኖረ የሠራተኛ ሰፈር ክለብ፡፡ ፉትስክሬይ ለእኛም ባዕድ ስም አይደለም፤ የአገራችን ሰዎች ምግብ ቤትና ቡና ቤት ከፍተው የሚኖሩበት ሰፈር ነው፡፡ የምዕራብ አውስትራሊያ ድንበር ተዘግቶ፣ ሜልበርንም ከቤት እንዳይወጣ ታዝዛ ነበርና 57 ዓመት የጠበቁ ደጋፊዎች ጨዋታውን በየሳሎናቸው በቴሌቪዥን አዩት፡፡ በፐርዝ ስታዲየም ግን 61,118 ሰው ነበር፤ አብዛኛው የሌላ ክለብ ደጋፊ፡፡ ሜልበርን በ74 ነጥብ አሸነፈ፡፡ ዋንጫው በአገሪቱ ሌላ ጫፍ ሲነሣ ባለቤቶቹ ሊነኩት አልቻሉም፡፡ የፐርዝ ሰው ሲናገረው የኖረውን ርቀት የሜልበርን ሰው ለአንድ ቀን ለበሰው፡፡

ከዚያስ ምን ተማሩ? ሁለቱ ዓመታት እንደ ብድር ተቆጥረው ውሉ እስከ 2059 ተራዘመ፡፡ ይህ ሒሳብ ሁሌም ያስገርመኛል፡፡ ለስታዲየሙ የጎደለበት ሁለት ቀን ተተካለት፡፡ ለደጋፊው ግን፣ ለዚህኛውም ለዚያኛውም፣ የተተካለት የለም፡፡

እኔ ታላቁ ሜዳ ይሻር ከሚሉት ወገን አይደለሁም፡፡ መቶ ዓመት የተጠራቀመ ትዝታ እንደ ዕቃ ከከተማ ከተማ አይጫንም፤ ያለ አንድ ታላቅ ቀንና ያለ አንድ ታላቅ ቦታ ጨዋታው እንደሚቀዘቅዝም 1924 አስተምሮናል፡፡ ሜዳው ይቆይ፤ መንገዱ ግን የጋራ ይሁን፡፡ ከመቶ ሺሑ መቀመጫ የሚበዛው ለሁለቱ ክለቦች ሰዎች ቢሰጥ፣ ታላቁ ቀን ከሚያስገባው ገንዘብ ጥቂቱ ከሩቅ ለሚመጡት መጓጓዣ ቢውል፣ ሊጉ በስሙ ልክ የመላ አውስትራሊያ ይሆን ነበር፡፡ ማኪንታየርና እርሱን የመሰሉ ሰዎች ለተጫዋቹ ሁለተኛ ዕድል ለመስጠት ስንት ሥርዓት ነድፈው አፍርሰዋል፡፡ ለደጋፊው እንዲህ የተጨነቀ ባለሙያ ግን እስከ ዛሬ አልተነሣም፡፡