የፓምፑ ካርቡሬተርና ያልተጻፈው የጠጋኞች ታሪክ

 ዛሬ ስለ ካርቡሬተር ልጽፍ ነው። «የታሪክ መምህርን ከካርቡሬተር ጋር ምን አገናኘው?» የምትሉ አትጠፉም። ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ። መጨረሻ ላይ የምጠይቃችሁ ነገር አለ።

ጉዳዩ የውሃ ፓምፕ ነው። ፎገራን የሚያውቅ ያውቀዋል። ክረምት ሜዳው ላይ ውሃ ይተኛል፣ ሩዝ ይበቅላል። ሩዙ ሲታጨድ አንዳንዱ በቀረው ርጥበት ጓያ ይዘራል፤ ወንዝ የቀረበው ደግሞ ሽንኩርትና ቲማቲም ይተክላል። ከዚያ በኋላ በርብና በጉማራ ዳር ጠዋት ማታ የሚሰማው የፓምፕ ድምፅ ነው። ድምፁ የጠፋ ቀን ነው ጭንቁ የሚመጣው። ሽንኩርት ውሃ ካጣ አይታገስም። ቤተሰቡ በሙሉ ባልዲና ጀሪካን ይዞ ይወጣል፣ ግን በባልዲ ስንት መደብ ይጠጣል?

እንግዲህ የቤንዚን ፓምፕ ከቆመ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ትልቅ ነገር አይደለም። ካርቡሬተሩ ውስጥ ያለች፣ ቀዳዳዋ ከመርፌ ጫፍ የማትበልጥ ትንሽዬ የናስ ብሎን ናት። እሷ ስትደፈን ሞተሩ ይደፈናል። (የናፍጣው ፓምፕ ካርቡሬተር የለውም፣ እሱን ለዛሬ እንተወው።)

ይህች ቀዳዳ ታሪክ አላት። ካርል ቤንዝ በ1886 እ.ኤ.አ. መኪናውን ሲያስመዘግብ ቤንዚኑ ከአየር ጋር የሚቀላቀለው ከላዩ ላይ እየተነነ ነበር። በ1893 እ.ኤ.አ. ጀርመናዊው ቪልሄልም ማይባክ ቤንዚኑን በቀጭን ቀዳዳ የሚረጭ ካርቡሬተር ሠራ። በዚያው ዓመት ዶናት ባንኪና ያኖሽ ቾንካ የሚባሉ ሁለት ሃንጋሪያውያንም የራሳቸውን አስመዘገቡ። ከሥሩ ያለው ሐሳብ ግን ከእነሱ 100 ዓመት ገደማ ይቀድማል። ቬንቱሪ የተባለ ጣሊያናዊ የፊዚክስ ሊቅ ነው ያጠናው፤ የሚፈስ ነገር በጠባብ አንገት ሲያልፍ ይፈጥናል፣ ግፊቱ ግን ይቀንሳል። አየሩ በካርቡሬተሩ ጠባብ አንገት ሲሮጥ ግፊቱ ይወርድና ቤንዚኑን በዚያች ቀዳዳ ወደ ላይ ይስበዋል። ፊዚክስ ክፍል «ይህ ለምን ይጠቅመናል?» ትሉ የነበራችሁ፣ መልሱ ይኸው ጉማራ ዳር ተቀምጧል።

ወደ አገራችን እንምጣ። የመጀመሪያዎቹ መኪኖች አዲስ አበባ የደረሱት በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1900 ዓ.ም. ነው። ቤዴ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ንጉሠ ነገሥቱ ዘንድ መኪና ይዞ መምጣቱን መጻሕፍት ይነግሩናል። ያቺ መኪና ስትታመም ማን እጁን በግራሶ አቆሸሸ? ይህን ፈልጋችሁ አግኙ ብላችሁ ትቸገራላችሁ።

ነገሩ ከዚያም ይብሳል። ከወረታ 40 ኪሎ ሜትር ግድም፣ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት አለ። ዐፄ ቴዎድሮስ መድፍ ያስቀለጡበት ቦታ ነው። ሴባስቶፖል እዚያ ተሠርቶ በ1860 ዓ.ም. በሰው ጉልበት እየተጎተተ መቅደላ ወጣ፣ ዛሬም እዚያው አለ። ከሠሩት አውሮፓውያን መካከል እነ ዋልድማየርን በስም እናውቃቸዋለን። ከጎናቸው ሆነው እሳቱን ያነደዱትን፣ ብረቱን ያቀለጡትን፣ ሙያውን በዓይናቸው የቀሰሙትን የአገር ልጆች ግን ስማቸውን የሚነግረን የለም። እኔም ተማሪ ሆኜ አልተማርኩትም፣ መምህር ሆኜም የማስተምርበት መጽሐፍ ውስጥ የለም።

ቀጥሎ የጣሊያን ጊዜ ነው። በመጋቢት 1928 ዓ.ም. በስታራቼ የሚመራው በካሚዮን የተጫነ ጦር ጎንደር ገባ። ወረራው በ1933 ዓ.ም. ተሰበረ፣ የጎንደሩ የጣሊያን ጦር ደግሞ በኅዳር 1934 ዓ.ም. እጁን ሰጠ። ጠላት ሄደ፣ ሞተሩ ግን ቀረ። የሞተሩ ቋንቋም ቀረ። እስቲ ጋራዥ ገብታችሁ ስሙ፤ ካንዴላ፣ ፊልትሮ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ቺንጋ፣ ጎሚስታ። ሁሉም የጣሊያን ቃል ነው። እነዚህን ቃላት መጽሐፍ አላስተማረንም። በየጋራዡ፣ በአሥመራም በጎንደርም በአዲስ አበባም፣ ከጣሊያን መካኒክ አጠገብ ቆሞ መፍቻ ያቀብል የነበረ ልጅ ነው ከአፉ ወስዶ ያስተላለፈልን። የእነዚያ ልጆች ስም አልተጻፈም፣ ቃላቸው ግን ዛሬም ወረታ ላይ ይሠራል። ለእኔ ይህ እንደ ሰነድ የሚቆጠር ነው።

የፎገራ የራሷ ታሪክም እንዲሁ ነው። ሩዝ እንዴት እንደመጣ እናውቃለን። በደርግ ጊዜ፣ በ1970ዎቹ፣ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች መጥተው በጅግናና በሻጋ የገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተሞከረ። የታወቀው ዝርያ እስከ ዛሬ ኤክስ ጅግና ይባላል፣ የቀበሌዋን ስም ይዞ። አሁን የብሔራዊ ሩዝ ምርምር ማዕከሉም እዚሁ ነው። ጥሩ ነው፣ ተጽፏል።

ፓምፑስ? ፓምፑ በአንድ በር አልመጣም። በግብርና ጽሕፈት ቤት በኩል የመጣ አለ፣ በፕሮጀክት የመጣ አለ፣ ገበሬው በሬውን ሸጦ ከነጋዴ የገዛውም አለ። በተለይ ከ1990ዎቹ ወዲህ እየበዛ ሄደ። ዘሩም ከሩቅ ነው። ጃፓናዊው ሶይቺሮ ሆንዳ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በ1946 እ.ኤ.አ.፣ ከጦር ሠራዊቱ የተረፉ ትንንሽ የሬዲዮ ጀነሬተር ሞተሮችን ብስክሌት ላይ እየገጠመ ሥራ ጀመረ። ኩባንያው በ1983 እ.ኤ.አ. ጂኤክስ የተባለውን ትንሽ ሞተር አወጣ። ዛሬ ከቻይና ገብተው በየሱቁ የሚሸጡት ብዙዎቹ የቤንዚን ፓምፖች የዚያ ሞተር ግልባጭ ናቸው።

ማሽኑ ሲመጣ ግን ጠጋኝ አብሮ አልመጣም። መመሪያውም በእንግሊዝኛና በቻይንኛ ነው። ታዲያ ማን አስነሳው? ልጆቻችን ናቸው። ሬዲዮ ፈታተው የሚገጥሙ፣ ከ10ኛ ክፍል ውጤት ያልመጣላቸው፣ ባጃጅ ጋራዥ ውስጥ የተላላኩ ልጆች። ከመካከላቸው ያስተማርኳቸው አሉ። አንዱ «ቲቸር፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ለኛ እንቅልፍ የለም» ብሎኛል። ለምን እንደሆነ ሲያስረዳኝ እኔ ተማሪ ሆንኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፓምፑ ክረምቱን ሙሉ ቤት ውስጥ ይቀመጣል። ካርቡሬተሩ ውስጥ የቀረው ቤንዚን ቀስ እያለ ይተንና ሙጫ የመሰለ ዝቃጭ ይተዋል። ዝቃጩ ያቺን ቀዳዳ ይደፍናል። በዚያ ላይ ቤንዚኑ ማደያ ሲጠፋ በሃይላንድ ከመንገድ ዳር ይገዛል፤ ውሃና ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበትም ያጋጥማል። ኅዳር ላይ ገመዱ ቢሳብ፣ ቢሳብ፣ እምቢ። ሰውየው «ሞተሩ ሞቷል» ይላል። በብረት ዋጋ የሚሸጥም አለ። ያልሞተ ሞተር እኮ ነው!

ከእነሱ የተማርኩትን ላካፍላችሁ፣ ለቤተሰብም ንገሩ። ከእሳትና ከሲጋራ ራቁ። የቤንዚኑን መዝጊያ ዝጉ፣ ካንዴላው ላይ የተሰካውን ገመድ ንቀሉ። ከካርቡሬተሩ ሥር ያለችውን ጎድጓዳ ክዳን ፈትታችሁ ቆሻሻውን ድፉ። ውስጥ ያለውን ተንሳፋፊና መርፌውን እንዳትጥሉ ተጠንቀቁ። የናሷን ብሎን ልኳ በሆነ ካቻቢቴ አውጧትና ወደ ሰማይ አንስታችሁ በቀዳዳዋ እዩ። ብርሃን ካልታያችሁ ተደፍናለች ማለት ነው። በንጹሕ ቤንዚን እጠቧት፤ ካልለቀቀ ከኤሌክትሪክ ሽቦ ውስጥ አንዷን ቀጭን የመዳብ ክር መዝዛችሁ አሳልፉባት። የብረት መርፌ አትጠቀሙ። ብረት ቀዳዳውን ያሰፋዋል፣ ከዚያ ሞተሩ ቤንዚን ይበላል፣ ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ካንዴላውም ይጠቁራል። በጎማ መንፊያ ንፉባትና መልሳችሁ ግጠሙ። የዓመቱ መስኖ ሲያልቅ ደግሞ የቤንዚኑን መዝጊያ ዘግታችሁ ሞተሩ ራሱ እስኪጠፋ አስነሡት፤ ካርቡሬተሩ ባዶውን ይከርማል። በቃ፣ ይህ ነው።

ተመልከቱ፣ «የመዳብ ክር እንጂ መርፌ አይሆንም» የሚለው በየትኛው የአማርኛ መጽሐፍ ተጽፏል? እኔ አላየሁም። አንዱ ልጅ የስንት ሰው ቀዳዳ አስፍቶ፣ ስንት ተሰድቦ ነው እዚህ የደረሰው። እውቀት ማለት ይህ ነው። ሩዝን ያመጡልንን እናመስግን፤ ግን በበጋ ሜዳውን አረንጓዴ ያደረጉት እነዚህም ናቸው።

አሁን የምጽፈው ጊዜው እያለፈ ስለሆነ ነው። መኪናው ዓለም ካርቡሬተርን ከተወ ቆይቷል፣ በኮምፒውተር በሚታዘዝ መርጫ ተክቶታል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥታችን በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከለከለ። የፀሐይ ፓምፕም እየመጣ ነው። ይምጣ፣ ለገበሬው ከቤንዚን ሰልፍ ይገላግለዋል። ግን የሶላር ፓምፑ መግቢያ ቀን በሪባን ቆረጣ ይመዘገብና፣ እስከዚያ ድረስ ሽንኩርቱን ያዳኑት ልጆች እንደ ጋፋት ልጆች ስማቸው ሳይነሣ ሊያልፉ ነው።

ስለዚህ ጥያቄዬ ይህ ነው። ወረታ፣ ሐሙሲት፣ አዲስ ዘመን ያላችሁ ሁሉ፤ በቀበሌያችሁ መጀመሪያ ፓምፕ የገዛው ማን ነበር? መጀመሪያ የጠገነውስ? ከማን ተማረ? በየትኛው ዓመት? አባቶቻችሁን ጠይቁ፣ ራሱን ጠጋኙንም አስፈቅዳችሁ ጠይቁ። በደብተር ጻፉት፣ ቀኑን አትርሱ። እኔም የምትነግሩኝን እሰበስባለሁ፤ የአካባቢ ታሪክ ሳስተምር ከሩዙ ቀጥሎ እንዲነገር እፈልጋለሁ።

እስከዚያው ፓምፕ ያላችሁ፣ መዝጊያውን መዝጋት አትርሱ።

ቸር ሰንብቱ።