እግር ያላቸው ዓሣ ነባሪዎች የተገኙበት በረሃ

አሸዋ ላይ የተጋደመ የዓሣ ነባሪ አጽም፣ ያውም ጠብታ ውሃ በሌለበት በረሃ መሃል! ቀልድ አይደለም። ቦታው ግብፅ፣ ፋዩም ውስጥ ነው፤ ከካይሮ በደቡብ ምዕራብ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ስሙ ዋዲ አል ሂታን ነው፤ የዓሣ ነባሪዎች ሸለቆ ማለት ነው።

👉 ዓሣ ነባሪ በረሃ ምን ይሠራል?

እነሱ ወደ በረሃው አልመጡም፤ ባሕሩ ነው ትቷቸው የሄደው። ከ37 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት አካባቢው ቴቲስ በተባለ ጥንታዊ ባሕር ተሸፍኖ ነበር። የእኛ ሉሲ (ድንቅነሽ) 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ስለሆናት፣ እነዚህ በዕድሜ ከአስር እጥፍ በላይ ይበልጧታል።

የሞቱት ዓሣ ነባሪዎች ወደ ባሕሩ ወለል ሰመጡ፣ ደለል ሸፈናቸው፣ አጥንታቸውም ቀስ በቀስ ወደ ድንጋይነት ተለወጠ። ባሕሩ ሸሽቶ መሬቱ ሲደርቅ ደግሞ የበረሃው ነፋስ ላያቸውን እየጠረገ ገለጣቸው።

👉 ልዩ የሚያደርጋቸው ምንድነው?

እግራቸው! እንግሊዛዊው የሥነ ምድር ባለሙያ ሂዩ ቢድኔል ቅሪተ አካሎቹን ያገኘው በ1902 እና 1903 እ.ኤ.አ. መካከል ነው። የኋላ እግሮቹ ግን የተገኙት ቆይቶ በ1989 ሲሆን፣ ያገኛቸውም አሜሪካዊው ፊሊፕ ጊንገሪች የሚመራው ቡድን ነው።

ባሲሎሳውረስ የተባለው ዝርያ ከ15 ሜትር በላይ ይረዝማል። እግሩ ግን ከሰውነቱ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ትንሽ ነው። ይሁንና ጉልበት፣ ቁርጭምጭሚትና ጣቶች አሉት። ያን ግዙፍ ሰውነት ተሸክሞ መራመድ በፍጹም አይችልም ነበር።

ታዲያ ለምን ኖረው? የዓሣ ነባሪ ቅድመ አያቶች በአራት እግር የሚሄዱ የየብስ እንስሳት ስለነበሩ ነው። ዛሬም ዓሣ ነባሪ በሳንባ ይተነፍሳል፣ ልጁን ያጠባል። በሕይወት ካሉት እንስሳት የቅርብ ዘመዱ ማን መሰላችሁ? ጉማሬ! አዎ፣ ጣና ላይ የምናውቀው ጉማሬ።

👉 ማን ማንን ይበላ ነበር?

እዚያው ሸለቆ ውስጥ ዶሩዶን የሚባል አነስ ያለ ዓሣ ነባሪም በብዛት ተገኝቷል። በ2019 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ የአንድ ባሲሎሳውረስ ሆድ በነበረበት ቦታ ላይ ጥርስ ያረፈባቸው የዶሩዶን ግልገሎች አጥንቶች ተገኝተዋል። በልቷቸዋል ማለት ነው!

👉 አሁን በምን ሁኔታ ላይ ነው?

ዩኔስኮ ሸለቆውን በ2005 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል፤ በ2016 ደግሞ ሙዚየም ተከፍቶለታል። ብዙዎቹ አጽሞች ግን ዛሬም ሜዳው ላይ፣ እንደወደቁ ናቸው። ያወጣቸው ነፋስ ራሱ ይሸረሽራቸዋል፤ የመኪና ጎማ ካለፈባቸው ይደቃሉ። ለዚህም ነው ጎብኚዎች በተዘጋጀላቸው መንገድ የሚሄዱት።

አንዲት ትንሽ የጣት አጥንት ለማስታወሻ ብሎ ኪስ ውስጥ መክተት ቀላል ነው። ነገር ግን ዓሣ ነባሪ በአንድ ወቅት እግር እንደነበረው የመሰከሩልን እንደዚያ ያሉ ትንንሽ አጥንቶች ናቸው።