ብቻን የማጥናት ድልድይ፦ ከሁለቱ ሞያሌ የታየ የትምህርት ታሪክ

ሞያሌ ስሟ አንድ፣ አገሯ ሁለት ነው። በኬንያው ሞያሌ ያደገ ልጅ ፎርም አራትን ጨርሶ ወደ ናይሮቢ ሲወርድ፣ ከኬላው ማዶ ያለው የአክስቱ ልጅ ደግሞ የ12ኛ ክፍል ፈተናውን አልፎ ወደ አዲስ አበባ ይወጣል እንበል። ሁለቱም ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛሉ። ሲደርሱ የሚጠብቃቸው ግን አንድ ነው። አስተማሪው አንድ ሰዓት ተናግሮ፣ የመጻሕፍት ዝርዝር ሰጥቶ ይወጣል። ደብተር የሚያይ፣ የቤት ሥራ የሚጠይቅ የለም። በትምህርት ቤቱ አንደኛ ይወጣ የነበረው ልጅ ቤተ መጻሕፍት ገብቶ ከየት እንደሚጀምር ይጠፋዋል።

እኛ መምህራን ይህን ብዙ ጊዜ ስንፍና እንለዋለን። የሁለቱን አገሮች የትምህርት ታሪክ ጎን ለጎን ስንመለከት ግን ሌላ ምክንያት እናገኛለን። ለማነጻጸር እንዲመች ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እንሰጣለን።

በኢትዮጵያ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በካናዳዊው ኢየሱሳዊ በዶክተር ሉሲየን ማት መሪነት ትምህርት የጀመረው በ1950 ነው። በ1961 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተመሠረተ። አዲስ ገቢው ተማሪ ወደ ሙያው ትምህርት ከመዝለቁ በፊት አንድ ዓመት በጠቅላላ ትምህርት ያሳልፍ ነበር፤ ይኸውም ፍሬሽማን የሚባለው ነው። በ1994 የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የ11ኛና የ12ኛ ክፍልን መሰናዶ አደረገ። በ2003 ፍሬሽማን ቀረ፤ የብዙዎቹ ዲግሪዎች ዘመንም ከአራት ወደ ሦስት ዓመት አጠረ። መሰናዶው የፍሬሽማንን ሥራ እንዲሠራ ታስቦ ነበር። በእኛ አስተያየት ግን የፈተና መዘጋጃ ሆኖ ቀረ። በ2019 ፍሬሽማን ወደ ዩኒቨርሲቲ ተመለሰ።

በኬንያ ደግሞ ከ1985 በፊት ሥርዓቱ 7-4-2-3 ነበር። በመካከል ያሉት ሁለቱ ዓመታት ፎርም አምስትና ስድስት ናቸው። እነዚህን ክፍሎች የሚደርሰው ተማሪ ጥቂት፣ የሚማረውም የትምህርት ዓይነት ጥቂት ስለነበረ፣ ከመጽሐፍ ጋር ብቻውን መዋል የሚለመደው እዚያ ነበር። በካናዳዊው በኮሊን ማካይ የሚመራው ኮሚቴ በ1981 ካቀረበው ሪፖርት በኋላ በ1985 የ8-4-4 ሥርዓት ተጀመረ። የመጨረሻዎቹ የፎርም ስድስት ተማሪዎች በ1989 ተፈተኑ። ከሁለቱ ዓመታት አንዱ ወደ አንደኛ ደረጃ፣ አንዱ ወደ ዩኒቨርሲቲ ተሸጋሸገ። ከ2017 ጀምሮ ደግሞ ሥርዓቱ በ2-6-3-3-3 ደረጃ በደረጃ እየተተካ ነው።

እንግዲህ ድልድዩ በኢትዮጵያ ከዩኒቨርሲቲ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ወርዶ ተመልሶ ወጣ፤ በኬንያ ከሁለተኛ ደረጃ ተነሣ። ድልድዩ ቦታ በለወጠ ቁጥር ሁለተኛ ደረጃው «ዩኒቨርሲቲ ያስተምራቸዋል» ሲል፣ ዩኒቨርሲቲው «ተምረው መጥተዋል» ይላል። በመካከል የሚወድቀው ልጁ ነው።

ብቻን ማጥናት ግን የሚማሩት ነገር መሆኑን የአገራችን የቅኔ ቤት ያውቀዋል። ተማሪው ከጓደኞቹ ተለይቶ፣ ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ቅኔ ይቆጥራል። የቆጠረውን ይዞ ወደ መምህሩ ይመለሳል፤ መምህሩም ሰምቶ ያርመዋል። ብቻውን ይሠራል፤ ያለ መሪ ግን አልተተወም።

ስለሆነም እኛ መምህራን ማንም ሥርዓቱን እስኪያሻሽልልን ሳንጠብቅ ይህን በክፍላችን ልንጀምር እንችላለን። በሳምንት አንድ ቀን ያላብራራነውን አምስት ገጽ አንብበው፣ በራሳቸው ቃል አሳጥረው፣ አንድ ጥያቄ ይዘው እንዲመጡ እናድርግ። ማስታወሻ እያነበብን ማስጻፉን እንቀንስ። የመጽሐፍን ማውጫ እንዴት እንደሚጠቀሙ እናሳይ። የሠሩትንም ሳናርም አንለፍ።

ተማሪዎች ሆይ፣ እናንተም ዩኒቨርሲቲ ስትገቡ የመጀመሪያው ወር ግራ ቢያጋባችሁ በአእምሯችሁ አትፍረዱ። ትምህርቱ ከመሰጠቱ በፊት ጥቂት ገጽ አንብቡ፤ ሁለት ሦስት ሆናችሁ ተጠያየቁ፤ ያልገባችሁን ጽፋችሁ አስተማሪያችሁን ጠይቁ። ከእስዮሎ ሞያሌ ያለው መንገድ በ2010ዎቹ አስፋልት ለብሶ ጉዞውን አቃሎልናል። ይኸኛውን መንገድ ግን የምንሠራው እናንተና እኛ ነን።