ከኒውተን ጥያቄ እስከ አቶሞች ማሰሪያ
የአንድ አሳብ አጭር ታሪክ

መግቢያ

በሚሲዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለን የፊዚክስና የኬሚስትሪ ትምህርት በሁለት መጻሕፍት፣ በሁለት መምህራንና በተለያዩ ሰዓቶች ይሰጠን ነበር። በፊዚክስ ሰዓት ስለ ኃይል ስንማር የሚገፋ ጋሪ፣ የሚወድቅ ድንጋይ፣ በገመድ የተንጠለጠለ ክብደት ይሣልልናል። በኬሚስትሪ ሰዓት ደግሞ አቶሞች እንዴት እንደሚያያዙ ስንማር፣ በሰሌዳው ላይ ነጥቦች ይደረደሩና «እያንዳንዱ አቶም በውጭኛው ዙሪያው ስምንት ኤሌክትሮን እንዲኖረው ይፈልጋል» ይባላል። እኛም ይህን በቃላችን አጥንተን ፈተናውን አለፍን። ከመካከላችን አንዱ ግን አንድ ቀን ተነሥቶ፣ «አቶም ነፍስ የሌለው ነገር ሲሆን እንዴት ይፈልጋል? አቶምን ወደ አቶም የሚስበውስ ኃይል ምንድር ነው?» ብሎ ጠየቀ። የተሰጠው መልስ «ይህ ለፈተና አይመጣም» የሚል ነበር።

ይህ ጥያቄ የሰነፍ ተማሪ ጥያቄ አልነበረም። ከሦስት መቶ ዓመታት በፊት ኒውተን ራሱ የጠየቀው ነው፤ መልሱም እስኪገኝ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ፈጅቷል። የዚህ አጭር ጥናት ዓላማ ኃይልና የአቶሞች ማሰሪያ የአንድ ጥያቄ መነሻና መድረሻ መሆናቸውን በታሪክ ለማሳየት ነው። የኬሚስትሪ መጻሕፍት «ቦንድ» የሚሉትን እኛ «ማሰሪያ» ብለነዋል። የምንጠቅሳቸውም ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

1. የኒውተን ጥያቄ

እንግሊዛዊው ሊቅ አይዛክ ኒውተን በ1687 ባሳተመው «ፕሪንኪፒያ» በተባለው መጽሐፉ ኃይል ማለት የአንድን አካል እንቅስቃሴ የሚለውጥ ነገር መሆኑን ደነገገ። ድንጋይን ወደ ምድር የሚጥለውና ጨረቃን በዙሪያችን የሚያዞረው ኃይል አንድ መሆኑንም አስረዳ። ርቀቱ ሁለት እጥፍ ሲሆን ይህ ኃይል ወደ አንድ አራተኛ ይቀንሳል።

ብዙዎቻችን የምናውቀው ኒውተን እዚህ ላይ ያበቃል። ነገር ግን ይኸው ሰው ስለ ብርሃን በጻፈው «ኦፕቲክስ» በተባለው መጽሐፍ መጨረሻ ላይ ልዩ ልዩ ጥያቄዎችን ጨምሮ ነበር። በ1717 በታተመው ሁለተኛ የእንግሊዝኛ እትም ሠላሳ አንደኛው ጥያቄ የሚያወሳው ስለ ጥቃቅን የአካል ክፍሎች ነው። አሳቡ በአጭሩ ይህ ነው፤ የምድር ስበት፣ የማግኔትና የኤሌክትሪክ ኃይል ሩቅ ስለሚደርሱ በዓይን ይታወቃሉ፤ ታዲያ በጣም ቅርብ በሆነ ርቀት ብቻ የሚሠሩና ስለዚህም ከሰው ዓይን የተሰወሩ ሌሎች ኃይሎች አይኖሩምን?

ለዚህም ከኬሚስትሪ ምስክር ያቀርባል። በናይትሪክ አሲድ በሟሟ ብር ውስጥ መዳብ ቢጨምሩ መዳቡ ይሟሟና ብሩ ይለያል፤ በሟሟ መዳብ ውስጥ ብረት ቢጨምሩ ደግሞ ብረቱ ይሟሟና መዳቡ ይለያል። ይህ የሚሆነው አሲዱ ከብር ይልቅ በመዳብ፣ ከመዳብም ይልቅ በብረት በበለጠ ኃይል ስለሚሳብ አይደለምን? ይላል። በዘመኑ አንዳንድ ሰዎች አቶሞች እንደ መንጠቆ ያለ ነገር እንዳላቸውና በዚያ እንደሚያያዙ ይናገሩ ነበር። ኒውተን ግን ይህ ጥያቄውን መልሶ መጠየቅ እንጂ መልስ አይደለም ብሎ ተቃወመ፤ መንጠቆውን ራሱን እንዳይበታተን የሚይዘው ምንድር ነውና!

2. የዝምድና ሠንጠረዥ

ኬሚስቶች ኃይሉን ለመለካት ባይችሉም የማን ዝምድና ከማን እንደሚበልጥ በቅደም ተከተል መጻፍ ጀመሩ። በ1718 ፈረንሳዊው ዦፍሯ አሥራ ስድስት ዓምድ ያለው ሠንጠረዥ ለፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ አቀረበ። በ1775 የስዊድኑ በርግማን እጅግ ሰፊ የሆነ ሠንጠረዥ አሳተመ። ዝምድናው ጸንቶ የሚኖር ከሆነ ሠንጠረዡ ለዘለዓለም ያገለግላል ተብሎ ይታመን ነበር።

ይህን እምነት ያናወጠው በግብፅ ምድር የታየ ነገር ነው። በ1798 ከናፖሊዮን ጋር ወደ ግብፅ የወረደው ኬሚስት ቤርቶሌ ዋዲ ናትሩን የተባለውን በረሓ ጎበኘ። ይህም በረሓ የቤተ ክርስቲያናችን መጻሕፍት ገዳመ አስቄጥስ እያሉ የሚጠሩት የቀደሙ መነኮሳት ሥፍራ ነው። በዚያ ባሉት የጨው ሐይቆች ዳር ጨውና የኖራ ድንጋይ ተገናኝተው ሶዳ ሲፈጥሩ አየ። በሠንጠረዡ ግን መሆን የሚገባው የዚህ ተቃራኒ ነበር። ቤርቶሌ ከዚህ ተነሥቶ የነገሮች መዋሐድ በዝምድና ብቻ ሳይሆን በብዛታቸውና በሁኔታቸውም እንደሚወሰን አስተማረ። እንግዲህ ሠንጠረዡ ማን ከማን እንደሚቀድም ይናገራል እንጂ ስለ ኃይሉ ምንነት ምንም እንደማይነግረን ግልጽ ሆነ።

3. የኤሌክትሪክ ተስፋና ውድቀት

በ1785 ኩሎም የተባለው ፈረንሳዊ የኤሌክትሪክ ኃይልም እንደ ስበት ርቀቱ ሁለት እጥፍ ሲሆን ወደ አንድ አራተኛ እንደሚቀንስ በልኬት አረጋገጠ። በ1800 ጣሊያናዊው ቮልታ የመጀመሪያውን ባትሪ ሠራ፤ በዚያው ዓመት ኒኮልሰንና ካርላይል የተባሉ እንግሊዞች በባትሪ ውሃን ወደ ሃይድሮጅንና ኦክሲጅን ለዩት። በ1807 ሃምፍሪ ዴቪ በዚሁ ዘዴ ፖታሲየምንና ሶዲየምን አገኘ። ኤሌክትሪክ ማሰሪያውን የሚፈታ ከሆነ ማሰሪያው ራሱ ኤሌክትሪክ ሳይሆን አይቀርም የሚል አሳብ ከዚህ ተወለደ።

የስዊድኑ ሊቅ ቤርዜሊየስ ይህን አሳብ አስፋፋው። ፖዚቲቭ የሆነው አቶም ኔጌቲቭ የሆነውን ይስባል አለ። ይህ ስለ ጨው ሲነገር ያማረ ነበር። ነገር ግን አቮጋድሮ በ1811 እንዳለው የሃይድሮጅን ጋዝ ሁለት ፍጹም አንድ ዓይነት አቶሞች የተያያዙበት ከሆነ፣ የትኛው ፖዚቲቭ የትኛው ኔጌቲቭ ይባላል? በ1830ዎቹም ፈረንሳዊው ዱማ ፖዚቲቭ የተባለውን ሃይድሮጅን አውጥቶ ኔጌቲቭ የተባለውን ክሎሪን ቢተካ የነገሩ ጠባይ ብዙም እንዳልተለወጠ አሳየ። ስለዚህ የቤርዜሊየስ አሳብ ቀስ በቀስ ተተወ። እውነትን ይዞ የነበረ አሳብ ገና ያልተሟላ በመሆኑ ብቻ መውደቁን እዚህ ላይ እንመለከታለን።

4. የማይታወቀው መስመር

ኬሚስቶች ከዚህ በኋላ የኃይሉን ነገር ትተው መቁጠር ጀመሩ። በ1852 እንግሊዛዊው ፍራንክላንድ እያንዳንዱ ንጥረ ነገር ከሌሎች ጋር የሚያያዝበት የተወሰነ ቁጥር እንዳለው አስተዋለ። በ1858 ኬኩሌና ኩፐር፣ አንዱ ከሌላው ሳይሰማ፣ ካርቦን አራት ማሰሪያ እንዳለውና ካርቦን ከካርቦን ጋር በሰንሰለት እንደሚያያዝ ገለጡ። አቶሞችንም በመስመር ማገናኘት ተለመደ።

ይህች መስመር ብዙ ፍሬ አፍርታለች። ቀለምና መድኃኒት ለሚሠሩ ሰዎች መሪ ሆናለች። ይሁን እንጂ መስመሯ ምን እንደ ሆነች የሚያውቅ አልነበረም። ፍራንክላንድ በ1866 «ቦንድ» የሚለውን ቃል ሲያስለምድ፣ በአቶሞች መካከል የተዘረጋ ቁሳዊ ገመድ አለ ማለቱ እንዳልሆነና ማሰሪያው ፀሐይንና ፕላኔቶችን የሚያያይዘውን እንደሚመስል አስጠንቅቆ ነበር። እኛ ተማሪዎች መስመሯን ወርሰን ማስጠንቀቂያውን ሳንወርስ ቀርተናል።

5. የኤሌክትሮን ጥንድ

በ1897 ጄ. ጄ. ቶምሰን ኤሌክትሮንን አገኘ። በ1911 ራዘርፎርድ የአቶም ፖዚቲቭ ክፍል በመካከሉ ባለች እጅግ ጠባብ እምብርት ውስጥ የተሰበሰበ መሆኑን አስታወቀ። ከዚህ በኋላ ነው የጥንቱ ጥያቄ እንደገና የተነሣው። በ1916 ጀርመናዊው ኮሰል አንዱ አቶም ኤሌክትሮን ሰጥቶ ሌላው ተቀብሎ እንደሚሳሳቡ አስረዳ፤ ይህም የቤርዜሊየስ አሳብ በአዲስ ልብስ መመለሱ ነው። በዚያው ዓመት አሜሪካዊው ጊልበርት ኒውተን ሉዊስ ሁለት አቶሞች አንድ ጥንድ ኤሌክትሮን በጋራ ሲይዙ ይተሳሰራሉ አለ። በሰሌዳችን ላይ የተደረደሩት ነጥቦች የእርሱ ናቸው።

ነገር ግን በኩሎም ሕግ ሁለት ኤሌክትሮኖች መገፋፋት ሲገባቸው እንዴት ጥንድ ይሆናሉ? ደግሞም በ1842 ኤርንሾ የተባለ እንግሊዛዊ፣ ቆመው የሚኖሩ ቻርጆች በኤሌክትሪክ ኃይል ብቻ ጸንተው ሊቀመጡ እንደማይችሉ በሒሳብ አረጋግጦ ነበር። ኤሌክትሮኖቹ ይዞራሉ ቢባልም በዘመኑ ሕግ መሠረት ብርሃን እያወጡ ወደ እምብርቱ መውደቅ ነበረባቸው። ሉዊስ ችግሩን ስላወቀ ምናልባት የኩሎም ሕግ በጣም በቀረበ ርቀት ላይ አይሠራ ይሆናል እስከ ማለት ደርሷል።

6. መልሱ

የተሳሳተው የኩሎም ሕግ ሳይሆን፣ ኤሌክትሮን እንደ ድንጋይ በኒውተን ሕግ ይንቀሳቀሳል የሚለው እምነት ነበር። በ1925 እና በ1926 ሃይዘንበርግና ሽሮዲንገር ለጥቃቅን ነገሮች እንቅስቃሴ አዲስ ሕግ አወጡ። በ1927 ሃይትለርና ሎንዶን የተባሉ ሁለት ወጣቶች በዙሪክ ይህን ሕግ በሁለት የሃይድሮጅን አቶሞች ላይ ሠሩበትና አቶሞቹ በእርግጥ እንደሚተሳሰሩ በስሌት አገኙ። የመጀመሪያው ስሌት ከእውነተኛው የማሰሪያ ጽናት ሁለት ሦስተኛ ያህሉን ብቻ ቢሰጥም መንገዱ ተከፈተ። ላይነስ ፖሊንግ አሳቡን አስፋፍቶ በ1939 ስለ ማሰሪያ ባሕርይ የታወቀውን መጽሐፉን ሲያወጣ መታሰቢያነቱን ለሉዊስ አድርጎታል።

ታዲያ ኃይሉ ምንድር ነው? ይህን በግልጽ የመለሱት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱ ከናዚዎች ሸሽቶ በሞስኮ የተቀመጠው ጀርመናዊው ሄልማን ሲሆን በ1937 መጽሐፉን አሳትሞ በ1938 በስታሊን ዘመን በግፍ ተገደለ። ሁለተኛው ሪቻርድ ፋይንማን ነው፤ በ1939 «በሞለኪውሎች ውስጥ ያሉ ኃይሎች» በሚል ርእስ ያወጣው ጽሑፍ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ሳለ፣ በእኛ ዕድሜ፣ የሠራው ነው። ሁለቱም ያሳዩት ይህ ነው፤ ኤሌክትሮኖቹ እንዴት እንደሚሰራጩ የሚወስነው አዲሱ ሕግ ነው፤ ስርጭቱ ከታወቀ በኋላ ግን እምብርቶቹን የሚስበውና የሚገፋው ያው የ1785ቱ የኩሎም ኃይል ነው።

ይህም ሲብራራ እንዲህ ነው። ሁለት የሃይድሮጅን አቶሞች ሲቀራረቡ፣ እንደ ደመና የተዘረጋው የኤሌክትሮኖች ቻርጅ በሁለቱ እምብርቶች መካከል ይበዛል። ሁለቱም እምብርቶች ወደዚህ ኔጌቲቭ ደመና ይሳባሉ። በጣም ቢቀራረቡ ደግሞ እርስ በርሳቸው ይገፋፋሉ። መሳቡና መግፋቱ የሚመዛዘኑት በመካከላቸው 0.074 ናኖሜትር ርቀት ሲኖር ነው። በገመድ የተንጠለጠለው የፊዚክስ መጽሐፋችን ክብደት የቆመው በኃይሎች ሚዛን እንደ ሆነ ሁሉ፣ ሞለኪውልም የቆመው በኃይሎች ሚዛን ነው። በ2 ግራም ሃይድሮጅን ውስጥ ያለውን ማሰሪያ ሁሉ ለመፍታት 436 ኪሎጁል ያስፈልጋል። በኤሌክትሮንና በፕሮቶን መካከል ያለው የኤሌክትሪክ ኃይል ከስበታቸው የሚበልጠው፣ አንድ ተጽፎ ሠላሳ ዘጠኝ ዜሮ ከሚከተለው ቁጥር በላይ ጊዜ ስለ ሆነ፣ የምድር ስበት በዚህ ሥራ ውስጥ ድርሻ የለውም።

ስምንት የሚለውም ቁጥር የአቶም ምኞት አይደለም። ፓውሊ በ1925 ባወጣው ደንብ መሠረት በአንድ ሥፍራ ከሁለት በላይ ኤሌክትሮን አይገባም፤ በካርቦን፣ በናይትሮጅንና በኦክሲጅን ውጭኛ ዙሪያ ያሉት ሥፍራዎችም አራት ስለ ሆኑ ስምንት ይሞላሉ። በሌሎች ዘንድ ደንቡ ይፈርሳል፤ በቦሮን ትራይፍሎራይድ ውስጥ ቦሮን በዙሪያው ስድስት ብቻ አለው። «ስምንት ስለ ሞላላቸው ከማንም አይዋሐዱም» ይባሉ ከነበሩት ጋዞች አንዱን፣ ዜኖንን፣ በ1962 ኒል ባርትሌት ከሌላ ነገር ጋር አዋሕዶ አሳይቷል። ደንቡን እንደ ማይሻር ሕግ የያዘ ሰው ይህን ሙከራ ለመጀመር ምክንያት ባላገኘም ነበር።

መደምደሚያ

ከዚህ ታሪክ የምንረዳው፣ በአንድ ሰሌዳ ላይ በአንድ ሰዓት የተሰጡን ነጥቦችና መስመሮች የብዙ ሰዎች ድካም፣ ስሕተትና ክርክር ውጤት መሆናቸውን ነው። ቤርዜሊየስ የያዘው አሳብ ወድቆ ተነሥቷል፤ ሉዊስ ጥንዱን ያገኘው ምክንያቱን ሳያውቅ ነው። መጻሕፍታችን ግን መልሱን ሰጥተው ጥያቄውን ይሰውሩብናል፤ ጥያቄውን ያላየ ተማሪም መልሱን በቃሉ ይይዛል እንጂ አያውቀውም።

ስለዚህ የፊዚክስና የኬሚስትሪ መምህራን ቢያንስ አንድ ሰዓት በአንድነት ቆመው፣ ሁለት የሃይድሮጅን አቶሞችን የሚያያይዘው ኃይል ምን እንደ ሆነ ለተማሪዎቻቸው ቢያስረዱ መልካም ይመስለናል። ያ ጓደኛችን የጠየቀው ለፈተና አልመጣ ይሆናል፤ ነገር ግን ኒውተን ሽማግሌ ሆኖ እንኳ ያልተወው ጥያቄ ነበረ። በጽሑፋችን ውስጥ ጉድለት ቢገኝ አንባቢያን እንዲያርሙን በትሕትና እንለምናለን።