«ልብ ወለድ» የሚለው ቃልና ባለቤቱ

ለመሆኑ «ልብ ወለድ» የሚለው ቃል ከየት መጣ? ተማሪ በፈተና ወረቀቱ ላይ ይጽፈዋል፤ መጽሐፍ ሻጭ መደርደሪያውን ይለይበታል፤ ወዳጃችን ወሬ ሲያበዛብን «ልብ ወለድህን ተወኝ» እንለዋለን። ከመለመዱ ብዛት ባለቤት ያለው አይመስልም። ግን አለው። ስሙ የወጣው በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ከታተመ መጽሐፍ ሽፋን ነው፤ «ልብ ወለድ ታሪክ» ይላል። ዛሬ «ጦቢያ» እያልን የምንጠራው ይኸው መጽሐፍ ሲሆን ደራሲው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ናቸው።

አፈወርቅ በ1860 ዓ.ም. ዘጌ ተወለዱ። ወደ ጣሊያን ተልከው ቱሪን ከተማ ሥዕል ተማሩ፤ ኋላም ኔፕልስ በሚገኘው የምሥራቅ ቋንቋዎች ተቋም አማርኛ አስተማሩ። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ባሕር ማዶ መወለዱ ከዚህ የተነሣ ነው። አገር ቤት ያን ጊዜ ማተሚያ ገና ብርቅ ነበር፤ ብርሃንና ሰላም እንኳ የተቋቋመው በ1914 ዓ.ም. ነው።

ታሪኩ ቀላል ነው። አባቱ በጦርነት የተማረከበት ዋህድ፣ አንድ የማያውቀው ነጋዴ የማስለቀቂያ ገንዘብ ይሰጠዋል፤ ውለታ ሊመልስ ነጋዴውን ፍለጋ እንደወጣ ይቀራል። መንትያ እኅቱ ጦቢያም የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር ፍለጋ ትወጣለች። አዲሱ ነገር ግን ታሪኩ ሳይሆን ሽፋኑ ነበር። መጽሐፍ ማለት ዜና መዋዕል፣ ገድል፣ ጸሎት በሆነበት፣ «መጽሐፍ እንዲህ ይላል» ሲባል ክርክር በሚያበቃበት አገር፣ አንድ ሰው ተነሥቶ «ይህን የወለደው ልብ ነው» ብሎ በግልጽ አሳተመ። እንደ እኔ ከሆነ የአማርኛ ድርሰት ነጻነቱን ያገኘው በእነዚህ ሁለት ቃላት ነው።

ወዲህ ደግሞ ሌላው ታሪክ አለ። አፈወርቅ በነጋድራስነት አገልግለዋል፤ በሮምም የኢትዮጵያ መልእክተኛ ሆነዋል። ፋሺስት ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ ግን ከወራሪው ጎን ቆሙ፤ «አፈ ቄሣር» የሚል ማዕረግም ተቀበሉ። ባለ ብዙ መጽሐፉ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በዚያው ዘመን አገራቸውን እንደናፈቁ በ1931 ዓ.ም. እንግሊዝ አገር በስደት ሞቱ። አፈወርቅ ከነጻነት በኋላ ጅማ ተግዘው፣ ዐይናቸው ታውሮ በ1940 ዓ.ም. አረፉ።

እንግዲህ ምን እናድርግ? አንዳንዱ «የባንዳ መጽሐፍ አይነበብም» ይላል። ሌላው ደግሞ ለድርሰቱ ክብር ሲል ያን አምስት ዓመት በዝምታ ያልፈዋል። ሁለቱም አንባቢን እንደ ሕፃን የሚቆጥሩ ይመስለኛል። የመጀመሪያው ሥራውን ይነፍገናል፤ ሁለተኛው ሰውየውን። የኢትዮጵያን ስም ለጀግናዋ የሰጠ ብዕርና ለወራሪዋ ያደረ እጅ የአንድ ሰው ነበሩ። ይህ የሚያም እውነት ነው፤ ማመሙም መልካም ነው። መጽሐፉ በታተመ ቁጥር መግቢያው ሁለቱንም ቢነግረን ምን ይጎዳል?

አባቶቻችን «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ይሉ ነበር። የአፈወርቅ ቃል አልጠፋም፤ ዕለት ዕለት በአፋችን አለ። የሠሩትም እንዲሁ ሊጠፋ አይገባም።