ፊልሙ ጠፍቶ መጽሐፉ ሲተርፍ

18 ማዞሪያ አስፋልት ዳር ከተዘረጉት አሮጌ መጻሕፍት መሃል ስገላብጥ ያያችሁኝ ሁሉ "ጋሼ፣ እነዚህ ሽፋናቸው የተገነጠለ የስለላና የወንጀል መጻሕፍት ምን ያደርጉልዎታል?" ትሉኛላችሁ። ዛሬ ልመልስ።

በውጭ አገር ፊልምን ወደ ልብ ወለድ የመለወጥ የቆየ ልማድ አለ። የ"ኪንግ ኮንግ" መጽሐፍ ገበያ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1932 መጨረሻ ነው፤ ፊልሙ የታየው ግን በ1933። መጽሐፉ ማስታወቂያም ነበር ማለት ነው። ከዚህ የሚገርመው ግን በ1927 የተሠራው "ለንደን አፍተር ሚድናይት" የተባለው አስፈሪ ፊልም ዕጣ ነው። የመጨረሻው የታወቀ ቅጂ በ1960ዎቹ በስቱዲዮው መጋዘን ቃጠሎ ወደመ። በ1928 የታተመው መጽሐፉ ግን አለ! ዛሬ ሰብሳቢዎች እንደ ዕንቁ ይፈልጉታል። ያኔ ግን ርካሽ ማሳለፊያ ነበር።

ወደ እኛ እንምጣ። አዲስ አበቤ የመጀመሪያውን ሲኒማ ቤት "ሰይጣን ቤት" ብሎ ነው የሰየመው፤ አስፈሪ ፊልም ሳያስፈልግ አዳራሹ ራሱ አስፈርቶታል። በኋላ እነ ሲኒማ ኢትዮጵያ፣ እነ ሲኒማ ራስ መጡ። ፊልም ግን ታይቶ ያልፋል፤ ቋንቋውም የሰው ነው። መጽሐፍ ግን ከእጅ እጅ ይዞራል፣ በአማርኛ ይናገራል። ስለዚህ የእኛ አገር መንገድ ትንሽ ይለያል፦ ፊልም የሆኑ ታሪኮች በትርጉም ነው ቤታችን የገቡት።

ጋዜጠኛና ደራሲ ማሞ ውድነህን ውሰዱ። "ሰላዩ ሬሳ"ን የማታውቁ ካላችሁ ታሪኩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1943 እንግሊዞች አንድ ሬሳ የመኮንን ልብስ አልብሰው፣ "ሻለቃ ዊሊያም ማርቲን" የሚል መታወቂያ ኪሱ ከተው፣ የሐሰት ደብዳቤ አስይዘው ስፔን ጠረፍ ባሕር ላይ ጣሉት። ጀርመኖች ደብዳቤውን አምነው ዓይናቸውን ወደ ግሪክና ሰርዲኒያ ሲያዞሩ የተባበሩት ኃይሎች ሲሲሊ ገቡ። በ15 ቀን ገደማ ሙሶሎኒ ከሥልጣን ወረደ። የተንኮሉ አቀናባሪ ዩዌን ሞንታጉ በ1953 መጽሐፍ አደረገው፣ በ1956 ፊልም ሆነ። እንግዲህ ይህን ለኢትዮጵያዊ አንባቢ አስቡት። ሙሶሎኒን የሚያውቀው ከፊልም አይደለም፤ ከአባቱ አፍ ነው።

ማሞ ሌላውን የስለላ መጽሐፋቸውን "የካይሮ ጆሮ ጠቢ" አሉት። "ጆሮ ጠቢ" የቤተ መንግሥት ዘመን ቃላችን ነው። የካይሮው ሰላይ በአንድ ቃል የእኛ ሰፈር ሰው ሆነ። ጥሩ ትርጉም ማለት ይኼ ነው።

ሁለተኛው ነቢይ መኮንን ነው። በ1939 እ.ኤ.አ. ፊልም ሆኖ ዓለምን ያዳረሰውን "ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ" በደርግ እስር ቤት ሆኖ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ ተረጎመው። ወደ 3000 ቁራጭ ወረቀት! "ነገም ሌላ ቀን ነው" ተብሎ ታተመ። እስረኞቹ ፊልሙን የሚያዩበት ስክሪን አልነበራቸውም፤ ታሪኩ ግን ደረሳቸው።

ታዲያ የምሰበስበው ለዚህ ነው። "ፍቅር እስከ መቃብር"ን ማንም አይጥልም፣ ደግሞ ይታተማል። በየታክሲው፣ በየካምፑ፣ በየማደሪያው ሲነበብ የኖረውን ኪስ የሚገባ መጽሐፍ ግን ማን ይጠብቀዋል? ተገንጥሎ የቆሎ መጠቅለያ ይሆናል። አብሮት የማተሚያ ቤቱ ስም፣ የጀርባው ዋጋ፣ ሽፋኑን የሣለው ሰው፣ "ከወዳጅህ" ተብሎ የተጻፈው ፊርማ ይሄዳል። የአንድ ትውልድ የንባብ ታሪክ የሚገኘው እዚያ ነው። ወመዘክር ቢኖረው እንኳ፣ ያነበበው ሰው እጅ ያረፈበት ቅጂ ሌላ ነገር ነው።

ስለዚህ ልመና አለኝ። አባታችሁ ሳጥን ውስጥ፣ አልጋ ሥር፣ ቆጥ ላይ እንዲህ ያለ መጽሐፍ ካለ ለኪሎ ገዢ አትስጡት። ለእኔም አትስጡኝ፣ የእናንተ ነው። ሽፋኑን፣ የመጀመሪያውን ገጽና ጀርባውን ብቻ ፎቶ አንሥታችሁ እዚህ ሥር ለጥፉልን። ማን እንዳነበበው የምታውቁ ከሆነም ጻፉት።