ቁምጣ፦ የሩቅ መንገደኛ ልብስ

ወዳጆቼ፣ ሰሞኑን ሩጫ ጀምሬያለሁ (አትሳቁ!)። የመሮጫ ቁምጣ ልገዛ አዲስ አበባ አንድ ሱቅ ገባሁ። ሻጩ አንዱን አነሳና "ይሄ ቀላል ነው፣ ላብ አይይዝም፣ ቶሎ ይደርቃል፤ ጎኑ የተሰነጠቀው እግር እንዲዘረጋ ነው" አለኝ። ዋጋውን ሰምቼ ደነገጥኩ። ትዝ ያለኝ ግን አባቴ ነው። ቢቸና ገበያ በረንዳ ላይ ከመኪናው ጋር የሚቀመጠው ልብስ ሰፊ አባቴን መጀመሪያ የሚጠይቀው "ለገበያ ነው ለእርሻ?" ብሎ ነበር። ለእርሻና ለመንገድ ከሆነ አሳጥሮ፣ ጭኑ ላይ ሰፋ አድርጎ ይቀደዋል። ያው የሱቁ ልጅ የነገረኝ ነገር ነው።

የጎጃምን ቁምጣ ብዙ ሰው የሚያውቀው በቀልድ ነው። እስቲ ዛሬ ቀልዱን ትተን ታሪኩን እንይ።

ስሙ ራሱ ሥራውን ይናገራል፤ "ቆመጠ" ማለት ቆርጦ አሳጠረ ነው። ከካኪ ጨርቅ ጋር የመጣ የሚመስለን ካለን ተሳስተናል። እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ በሰሜን ኢትዮጵያ የኖረው እንግሊዛዊ ማንስፊልድ ፓርኪንስ በ1853 ባሳተመው መጽሐፉ ስለ ወንዶች ሱሪ ሲጽፍ አጭሩን በስሙ "ቁምጣ" ብሎ ጠርቶታል። ከ170 ዓመት በላይ ሆነው ማለት ነው! ጨርቁ ከጥጥ ወደ ካኪ፣ ከካኪ ወደ ቴትሮን ተለዋወጠ እንጂ ቁመቱ ያው ነው።

"ቢቸናና ሞጣ ደጋ አይደሉም እንዴ? በዚያ ብርድ ቁምጣ ምን ይሠራል?" የሚል አይጠፋም። መልሱ መሬቱ ላይ ነው። ሙጋና ሱሃ ከጮቄ ተነስተው ወደ አባይ ሲወርዱ መንገደኛውን ያቋርጡታል። ክረምት ላይ የጤፍ ማሳው ዋልካ ጭቃ እስከ ባት ይውጣል። ረጅም ሱሪ ውኃና ጭቃ ጠጥቶ ይከብዳል፣ እግር ላይ ይለጠፋል፣ ቀኑን ሙሉ አይደርቅም። ባዶ ቅልጥም ግን ታጥቦ ወዲያው ይደርቃል። ብርዱንስ? ብርዱን ጋቢ ይዞታል። ሲሄዱ ትከሻ ላይ ጣል፣ ሲቀመጡ እስከ እግር ሽፍን፣ ሲመሽ ደግሞ ብርድ ልብስ።

ይሄ ብልሃት የእኛ ብቻ አይደለም። የስኮትላንድ ደገኞች ኪልት የሚሉት፣ ወገብ ላይ የሚጠመጠም ግልድም አላቸው። የድሮው ኪልት ረጅም የሱፍ ጨርቅ ነበር፤ ቀን ልብስ፣ ማታ ብርድ ልብስ፤ ቁምጣና ጋቢን አንድ ላይ አድርጉና አስቡት። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ቶማስ ራውሊንሰን የተባለ እንግሊዛዊ የብረት ማቅለጫ ባለቤት፣ ለሠራተኞቹ እንዲቀላቸው ብሎ የታችኛውን ክፍል ብቻ አስቀርቶ አሰፋው የሚል ታሪክ አለ። ደገኞቹ አምፀው ሲሸነፉ የብሪታንያ ፓርላማ በ1746 ልብሱን ከለከለ። ወታደር ሳይሆን የለበሰ 6 ወር ይታሰራል፤ ከደገመ ለ7 ዓመት ባሕር ማዶ ይጋዛል። እገዳው የተነሳው በ1782 ነው። ዛሬ በኪልት ማራቶን የሚሮጡ አሉ፤ የሚያፍርበት የለም።

እኛን ግን ማንም በሕግ አልከለከለንም። ራሳችን አፈርንበት።

እኔ አፍሬበታለሁ። ቢቸና ቤት ተከራይቼ ስማር አባቴ ከሱሃ ማዶ ስንቄን ተሸክሞ በእግሩ ይመጣ ነበር፤ በቁምጣው። የከተማ ልጆች ሲስቁ ሰማሁና አንድ ቀን "ስትመጣ ረጅም ሱሪ ልበስ" አልኩት። ዝም አለኝ። በሚቀጥለው ጊዜ ለብሶ መጣ። ሐምሌ ነበር። ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ጠጥቶ፣ እግሩ ላይ ተጣብቆ፣ እያነከሰ ደረሰ፤ ጭኑ ተልጧል። ስንቁን አስቀመጠና "ሱሪው ለጓደኞችህ ነው ልጄ፤ ለመንገዱ ግን አይሆንም" አለኝ። ሌላ ቃል አልጨመረም። እስከ ዛሬ ያንን ሱሪ አልረሳውም።

በላይ ዘለቀ ከ1928 እስከ 1933 በቢቸና ምድር ጣሊያንን ሲያስጨንቅ መኪናና አውሮፕላን የነበረው ጣሊያን ነው፤ የእኛ ሰው የነበረው እግሩ ነው። አበበ ቢቂላም ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ ሮም ላይ በባዶ እግሩ 2፡15፡16 ገብቶ ዓለምን ጉድ ሲያሰኝ በእግሩ ላይ ሸክም አልነበረበትም። እግር ሲቀለው ሩቅ ይሄዳል። አባቴ ይሄን ያወቀው ሳይማር ነው፤ እኔ ተምሬ ረሳሁት።

ለመሆኑ ቁምጣውን ገዛህ ወይ ካላችሁኝ፣ አልገዛሁም። ቴትሮን ገዝቼ ሞጣ ለሚኖረው አጎቴ ላክሁለት። እዚያ ገበያ ላይ አሰፍቶ ይልክልኛል። "ለገበያ ነው ለእርሻ በላቸው ቢሉህ?" ብሎ ደውሎ ሲጠይቀኝ "ለመንገድ ነው በላቸው" አልኩት።

እናንተስ? አባታችሁን "ይሄን አትልበስ" ያላችሁበት ቀን የለም? ካለ እስቲ ጻፉት።